የትምባሆው ውሃ ልክ

መርዳሳ ዕድሜውን የጨረሰው ተሳቢ ሲነዳ ነው። ከአዳማ ጅቡቲ፣ ከጅቡቲ ሞጆ፣ አራግፎ እንደገና ወደዚያው። ሲጋራ የጀመረው ገና ረዳት ሳለ ነበር። አፋር በረሃ ላይ ሹፌሩን እንቅልፍ እንዳይጥለው ሲጋራ እየለኮሰ የሚያቀብለው እሱ ነበርና፣ ለመለኮስ ደግሞ መሳብ ያስፈልጋል። እልፍነሽን ሲያገባ ያጨስ ነበር። ልጃቸው ኤቢሴ ስትወለድ ያጨስ ነበር፤ ስትዳርም እንደዚያው። ቤት ውስጥ ብቻ አያጨስም። የሲጋራ ሽታ የእልፍነሽን ራስ ምታት ስለሚቀሰቅስባት፣ ክረምት ከበጋ በረንዳው ላይ ቆሞ ጨርሶ፣ አፉን ተጉመጥምጦ ነበር የሚገባው።

ጡረታ በወጣ ሰሞን ሳል ያዘው። ሐኪም ሳንባውን በራጅ አይቶ ቁርጡን ነገረው። እሱ ግን ሲጋራ የተወው ሐኪሙ ስላለው አልነበረም። ኤቢሴ ባቱ ከተማ አግብታ ትኖራለች፤ የመጀመሪያ ልጇን ወልዳ ሊጠይቃት ሄዶ ሕፃኑን ሊያቅፍ እጁን ሲዘረጋ ዞር አለችበት።

«አባ፣ ሳትተው ልጄን አላሳቅፍህም» አለችው።

አልተቆጣችም፤ ዓይኗ እንባ አቅርሮ ነበር። መርዳሳ ከባቱ ሲመለስ ሚኒባሱ ገና ከከተማው ሳይወጣ ኪሱ ውስጥ ያለውን ፓኮ አውጥቶ በመስኮት ወረወረው። ከዚያ በኋላ ያሉት ሳምንታት ከባድ ነበሩ። ዝንጅብል ያኝካል፣ ከረሜላ ይመጥጣል፣ በትንሽ ትልቁ ይቆጣል፣ ሌሊት ተነስቶ ግቢው ውስጥ ይዞራል። እልፍነሽ ሁሉንም ቻለችው። ሱሱ ሲለቀው ጸሎቷ እንደተሰማ ቆጠረችው፤ አንድ እሑድ በጉባኤ ፊት ቆማ «ባሌን ከረጅም ዘመን እስራት ጌታ ፈታልኝ» ብላ መሰከረች። ሰው እልል አለ። የሴቶች ጸሎት ቡድን መሪ የሆነችው ፋና ከመቀመጫዋ ተነስታ መጥታ እጁን ጨበጠችው። መርዳሳ አንገቱን ደፍቶ ቆመ። ደስ ብሎት ነበር፤ እንደዚያ ሰው ሁሉ ሲያየው ግን መግቢያ አጣ።

ኤቢሴም ልጇን ይዛ መምጣት ጀመረች።

መርዳሳ እጁ ሥራ ፈትቶ ስላስቸገረው ከቤቱ ጀርባ ያለውን ባዶ መሬት ቆፍሮ ጎመን ተከለ። ቤታቸው ቦኩ ተራራ በኩል ነው፤ ነፋሱ አቧራውን ሲያንከባልል ይውላል፣ የቧንቧ ውሃ የሚመጣው በፈረቃ ነው። የታጠበበትንም የተለቃለቀበትንም ውሃ በባልዲ እያጠራቀመ አጠጣው። ጎመኑ አሳፍሮት አያውቅም፤ እልፍነሽ ለጎረቤት እስክታድል ድረስ ተረፋቸው። በሁለተኛው ዓመት በበጋው መጨረሻ ግን ክሽክሽ የሚባለው ተባይ ገባበት። መጀመሪያ የቅጠሉ ጀርባ ላይ አመድ የተነሰነሰ መስሎት ነበር። ቀረብ ብሎ ሲያየው አመዱ ይንቀሳቀሳል። ቅጠሉ ተጨማደደ፣ እምቡጡ ተጣበቀ። አመድ ነሰነሰበት፣ በውሃ አጠበው፤ ሲነጋ ተመልሶ እዚያው ነው።

የድሮ የሥራ ጓደኛው መርጋ ከቡልቡላ ለጉዳይ አዳማ መጥቶ ሊጠይቀው ጎራ ያለው በዚያ ሰሞን ነው። መርጋ መኪናውን ትቶ ሽንኩርትና ጎመን ማልማት ከጀመረ ቆይቷል። «አካም ጅርታ» ተባብለው፣ የሞተውን ሹፌርና በሕይወት ያለውን ሹፌር ሁሉ ካነሱ በኋላ ወደ ጓሮ ወጡ። መርጋ አንድ ቅጠል ገልብጦ አየ።

«ለዚህማ ትምባሆ ነው መድኃኒቱ» አለ።

መርዳሳ ሳቀ። «እኔ ተውኩ፣ ጎመኑ ሊጀምር ነው?»

«የምሬን ነው። አምስት ስድስት ፍሬ ሲጋራ በትነህ በአንድ ባልዲ ውሃ ዘፍዝፈህ አሳድረው። በጨርቅ አጥልለው፤ ትንሽ ፈሳሽ ሳሙና ጨምርበት፣ ቅጠሉን እንዲይዝ። ፀሐይ ስትበርድ ትረጫለህ። ግን ስማኝ፣ መርዝ ነው። እጅህን በፌስታል ሸፍን፣ ልብስህን ከነካ ቀይር። ረጭተህ ሁለት ሳምንት ሳይሞላው ደግሞ ቅጠሉ አይበላም።»

መርዳሳ ለእልፍነሽ ሲነግራት ፊቷ ተለወጠ። «ሲጋራ? በዚህ ግቢ?»

«ለጎመኑ ነው እኮ።»

እልፍነሽ ጎመኑን አየችው፤ እሱንም አየችው። «እንግዲህ ለጎመኑ ከሆነ» አለችና ሳቀች።

ሲጋራውን ጠሃ ሱቅ ገዛው። ጠሃ ወላጆቹ ከወሎ መጥተው እዚያ ሰፈር ሱቅ የከፈቱ፣ አሁን ሱቁን የያዘው ወጣት ነው። መርዳሳ ፓኮውን ሲቀበል ሳይጠየቅ «ለጎመን ነው» አለው። ጓሮ ሄዶ ስድስቱን ፍሬ ወረቀታቸውን እየቀደደ ትምባሆውን ባልዲ ውስጥ በተነ። እጁን በፌስታል ሸፍኖ ነበር፤ ሽታው ግን በፌስታል አይሸፈንም። የቀሩትን ፍሬዎች ለሚቀጥለው ጊዜ ብሎ የዕቃ ቤቱ ቆርቆሮ ሥር ሸጎጣቸው። ማታ ራቱን በልቶ ቁጭ ሲል የሚያስበው ስለ እነሱ ብቻ ነበር። አንድ ብቻ አለ ለራሱ። ከሽንት ቤቱ ጀርባ ቆሞ አንዱን ለኮሰ። ራሱን አዞረው፣ ግድግዳውን ተደግፎ ጨረሰው። ከዚያ ሳሙና ይዞ እጁን እስኪቀላ ድረስ ታጠበ።

የተረጨው ጎመን በማግስቱ ተሻለው፤ በሳምንቱ አዲስ ቅጠል አወጣ። መርዳሳ ግን የሸጎጠውን ፓኮ ያን ጊዜ ጨርሶት ነበር።

ሁለተኛ ሲገዛ ሁለት ፓኮ ገዛ። እልፍነሽ ጥቁሩን ፌስታል አይታ «ይህ ሁሉ ለአንድ ባልዲ?» አለችው። «ይፈልጋል። ካልጠነከረ አይገድለውም» አላት። ነገሩ ቀላል ነበር፤ አፉ ላይ ሳይደናቀፍ ወጣ። ከዚያ ወዲያ በየሳምንቱ ሁለት ፓኮ እየገዛ ይመጣል፤ ባልዲው ውስጥ ያው አምስት ስድስት ፍሬ ይበትናል፤ የቀረው ዕቃ ቤት ይገባል። ጎመኑን መርጨት በማያስፈልገው ሳምንት እንኳ ረጨው። ሸሚዙ ሲሸት «ከመርጫው ነው» ይላል። እልፍነሽ ሸሚዙን ለብቻው ዘፍዝፋ ታጥብለታለች። አንድ ቀን እንኳ በጥርጣሬ ዓይን አላየችውም፤ እሱም በልቡ ብትጠረጥረኝ ይሻል ነበር ይል ነበር። ቅጠሉን የሚያስቀጥፋት የረጨበትን መደብ ለይቶ፣ ሁለት ሳምንቱን ጠብቆ ነው። በዚያ ጠንቃቃ ነበር።

ኤቢሴ ለበዓል ልጇን ይዛ የመጣች ጊዜ ነው ነገሩ የከፋው። መርዳሳ ጓሮ ተቀምጦ ሲኮተኩት በኩሽናው መስኮት የእናትና የልጅ ድምፅ ይሰማዋል።

«እማ፣ አባ ይሸታል። ልጁን ታቅፎት የልጁ ብርድ ልብስ ሳይቀር ሸተተ።»

«ለጎመን የሚዘፈዝፈው ነው አልኩሽ።»

«እማ፣ እኔ የአባን ሽታ አላውቀውም? ያደግኩበት ነው እኮ።»

«በዓይኔ የማየውን ልትነግሪኝ ነው? በጌታ ፊት የመሰከርኩበትን ሰው? አባትሽን ባታከብሪው እንኳ እኔን አክብሪኝ።»

መርዳሳ መኮትኮቻውን ይዞ ጎንበስ እንዳለ ቀረ። ተነስቶ ሦስት እርምጃ ቢራመድ መስኮቱ ሥር ይደርሳል፤ ልጅሽ ልክ ናት ቢል ያልቃል። አልተነሳም። አረም የሌለበትን መሬት ደጋግሞ ኮተኮተ። ሌላ ጊዜ ሰንብታ የምትሄደው ኤቢሴ ያን ጊዜ በማግስቱ በጠዋት ወደ ባቱ ተመለሰች፤ ከዚያ ወዲያ ስልኳ ተራራቀ። እልፍነሽ አንዳንዴ ስልኩን ጭኗ ላይ አስቀምጣ ታየዋለች። መርዳሳ ያን ሲያይ ተነስቶ ይወጣል፤ ወጥቶ የሚያደርገው ግን ያንኑ ማጨስ ነው።

ሳሉ ተመለሰ። እልፍነሽ ምክንያቱን ራሷ አገኘችለት። «ከዚያ መርዝ ጋር ስትታገል ነው። ሽታው ሳንባህ ውስጥ ገብቶ ነው» አለችው። መርዳሳ «ሊሆን ይችላል» አላት።

አንድ ሐሙስ ጠዋት ለጡረታ ጉዳይ ቢሮ እሄዳለሁ ብሎ ወጣ። የሄደው መናኸሪያው አካባቢ ወዳለ ጋራዥ ነበር፤ የድሮ ሹፌሮች አሮጌ ጎማ ላይ ተቀምጠው የሚያወሩበትና የሚያጨሱበት ቦታ ነው። እልፍነሽ እሱ ሳይመጣ የጎመኑን ሥራ ልጨርስለት ብላ አሰበች። ነጠላዋን አጣፍታ ጠሃ ሱቅ ሄደች። በዕድሜዋ ሲጋራ ገዝታ አታውቅም።

«ሁለት ፓኮ ሲጋራ» አለችው፣ ዙሪያዋን እያየች።

ጠሃ እጁ መደርደሪያው ላይ ቆመ። «ለጋሽ መርዳሳ ነው እትዬ?»

«ለጎመን ነው። ዛሬ እኔ ልረጭለት ብዬ ነው፤ እሱን ሳል እየጎዳው ነው።»

ጠሃ መርዳሳ ከሱቁ ጎን ቆሞ ሲያጨስ ብዙ ጊዜ አይቶታል። በኋላ ለሰው እንደተናገረው፣ አንድ ነገር ሊላት ከጅሎ የባልና ሚስት ነገር ነው ብሎ ተወው። ፓኮዎቹን በጥቁር ፌስታል ቋጥሮ ሰጣት።

እልፍነሽ ሁለቱንም ፓኮ ባልዲ ውስጥ በተነች። እስኪያድር የምትጠብቅበት ጊዜ ስላልነበራት ውሃ አሙቃ አፈሰሰችበት፤ ቶሎ እንዲወጣ ደግሞ በባዶ እጇ አሸችው። ውሃው እንደ ቡና አተላ ጠቆረ። አጥልላ፣ ሳሙና ጨምራ፣ ከጎረቤቷ ከበድሪያ ቤት በተዋሰችው የሚታዘል መርጫ ሞልታ አዘለችው። ክዳኑ ላላ ያለ ነበር። ጎንበስ ባለች ቁጥር ውሃው በጀርባዋ ይወርዳል። ሙቀት ስለነበር እርጥበቱ ደስ ሳይላት አልቀረም፤ ሙሉ መደቡን እስክትጨርስ አላወረደችውም።

በድሪያ በአጥሩ ማዶ ልብስ ስታሰጣ የሚያስመልሰው ሰው ድምፅ ሰማች። ስትጠራ የሚመልስላት ስላጣች ዞራ ገባች። እልፍነሽ ጎመኑ መሃል በጉልበቷ ተንበርክካ ነበር። ምራቋ ይዝረበረባል፣ እጇ ይንቀጠቀጣል፣ ላቧ ፊቷ ላይ ይወርዳል። በድሪያ መርጫውን ከጀርባዋ አውርዳ፣ ደንግጣ በነጠላ ጠቅልላ፣ ባጃጅ አስጠርታ ጤና ጣቢያ ወሰደቻት። ከባጃጁ ውስጥ ሆና መርዳሳ ጋ ደወለች። ስልኩ ሲጮህ መርዳሳ ሲጋራ ከንፈሩ ላይ ነበር።

ጤና ጣቢያ ሲደርስ እልፍነሽ አልጋ ላይ ተኝታለች፤ ዓይኗ ተጨፍኗል፣ ፊቷ አመድ መስሏል። አንዲት ወጣት ሐኪም የልብ ምቷን እያዳመጠች በድሪያን ትጠይቃለች።

«ምን ሲሠሩ ነበር?»

«ጎመን ሲረጩ። የትምባሆ ውሃ ነው። ሁለት ፓኮ ሲጋራ በአንድ ባልዲ ዘፍዝፈው ነው የሚረጩት።»

«ከዚህ በፊት ተጠቅመውበት ያውቃሉ?»

«ወራት ሙሉ ነዋ። ጋሽ መርዳሳ በየሳምንቱ ይረጫሉ። ሁልጊዜም ሁለት ፓኮ ነው፤ እትዬ ራሳቸው ነግረውኛል።»

ሐኪሟ ወደ መርዳሳ ዞረች። «እርስዎ ሲረጩ እንዲህ ዓይነት ነገር ተሰምቶዎት ያውቃል? ማዞር፣ ማስመለስ?»

«የለም።»

«ልኩ ይኸው ሆኖ? ሁለት ፓኮ?»

በድሪያ ታየዋለች። ነርሷ ታየዋለች። መርዳሳ «አዎ» አለ።

ሐኪሟ ቅንድቧን ሰበሰበች። «እንግዲያ ከዚህ ላይሆን ይችላል። እርስዎን ወራት ሙሉ ያልነካ ነገር እሳቸውን በአንድ ቀን እንዲህ አይጥላቸውም። ስኳር አለባቸው? ደም ግፊት?» አለችና የደም መቅጃ መርፌና የስኳር መለኪያ እንድታመጣ ነርሷን ላከች፤ ወደ ሆስፒታል የሚላኩበት የሪፈር ወረቀትም አዘዘች። የእልፍነሽ እጅ አልጋው ጫፍ ላይ ይንቀጠቀጣል። ከነጠላው ሥር ያለው ቀሚሷ ጀርባው እንደራሰ ነው፤ መርዳሳ ከቆመበት የትምባሆው ሽታ ይመጣበታል። ያንን ሽታ ከማንም በላይ ያውቀዋል።

«ዶክተር» አለ። ድምፁ ስላልወጣ ደገመው። «ዶክተር፣ ልኩ እንደዚያ አይደለም።»

«ምን?»

«እኔ የምዘፈዝፈው አምስት ስድስት ፍሬ ነው። ከዚያ በልጦ አያውቅም።»

«አሁን ሁለት ፓኮ ብለውኝ አልነበር?»

«የምገዛው ሁለት ፓኮ ነው።»

«የቀረውስ?»

መርዳሳ መሬት መሬት እያየ «አጨሰዋለሁ» አለ። «እሷ አታውቅም። ሁሉም የሚገባበት መስሏት ነው።»

ሐኪሟ ነጠላውን ገለጥ አድርጋ የቀሚሱን ጀርባ በጓንት ነካች፤ ወዲያው «ይህን ልብስ አውልቁላቸው፣ በብዙ ውሃና በሳሙና እጠቧቸው፣ ፀጉራቸውንም ጭምር፣ ቶሎ» አለች። መጋረጃው ተሳበ። መርዳሳ ውጭ ቀረ። ግድግዳው ሥር ተቀምጦ የውሃውን ድምፅ ይሰማል። «አዎ» ብሎ የተናገራት ያቺ አንድ ቃል ከጆሮው አልወጣ አለችው። ሚስቱ መርዙን ለብሳ ተኝታ እሱ ስለ ስሙ ነበር ያሰበው። በድሪያ የእልፍነሽን ልብስ የቋጠረችበትን ፌስታል እንደያዘች ከመጋረጃው ወጥታ በአጠገቡ አለፈች። ሌላ ጊዜ «አይዞዎት» የምትል ሴት ናት።

መሸት ሲል እልፍነሽ ሻል አላት። ግሉኮስ ተሰክቶላት፣ በድሪያ ያመጣችላትን ቀሚስ ለብሳ ጋደም ብላለች። መርዳሳ ገብቶ ቆመ፤ የሚቀመጥበት ወንበር ነበር፣ አልተቀመጠም።

«ተሻለሽ?»

«ሰምቻለሁ» አለችው። ዓይኗን ጨፍና የነበረ ጊዜ ሁሉንም ሰምታለች። ቀጥላ «ለእነ ፋና ነግሬያቸዋለሁ» አለች። «ጎመናችሁ አማረ ሲሉኝ ሁለት ፓኮ በአንድ ባልዲ ብያቸዋለሁ። ዛሬ ነገ እንረጫለን ብለዋል። ንገራቸው።»

«አሁን እደውላለሁ።»

«ደውለህ እንዳይነኩት በል። ከዚያ በእግርህ ሂድና ለምን እንደሆነ ንገራቸው። እኔ አይደለሁም የምነግርልህ።»

ደወለ። ከዚያ ሄደ። ፋና ቤት ሲደርስ ባልዲው በረንዳው ላይ ተከድኖ ተቀምጧል፤ ትምባሆው ከተዘፈዘፈ ሰዓታት አልፈውታል። ፋና እልፍነሽን ደጋግማ ከጠየቀች በኋላ ወንበር አቀረበችለት። መርዳሳ ቆሞ ነገራት። ረጅም ነገር አልነበረም፤ እየቆራረጠ ስለተናገረ ግን ረዘመበት።

«እና ያቺ ሴት» አለች ፋና በመጨረሻ፣ «ያን ሁሉ ጊዜ ስለ አንተ ስታመሰግን የነበረው...» አልጨረሰችውም። የባልዲው ውሃ ማንም ሳይነካው የሚደፋበትን ጉድጓድ አሳየችው፤ እሱ ወስዶ ደፍቶ አፈር አለበሰው። ሲወጣ እስከ በር ሸኘችው። ብትቆጣው ይቀልለው ነበር። ሁለተኛው ቤትም እንዲሁ ነገረ። ሦስተኛው ቤት ሲደርስ ሴትየዋ በሩን እንደከፈተች «ሰምተናል፣ አልነካነውም» አለችው። ያም ሆኖ ለምን እንደሆነ መናገር ነበረበት፤ እንደዚያ ነበር የታዘዘው። ተናገረ። ባሏ ከውስጥ ሆኖ የቴሌቪዥኑን ድምፅ ቀነሰ።

በማግስቱ እልፍነሽ ቤቷ ስትገባ ኤቢሴ ከባቱ መጣች። አባቷን ሰላም አለችው፤ ጉንጩን ሳመችው፣ ዓይኑን ግን አላየችውም። እናቷን አጥባ፣ ፀጉሯን አበጥራ፣ ሾርባ አብልታ አስተኛቻት። ሁለቱ ሴቶች እስኪመሽ አብረው ሲያወሩ መርዳሳ ውጭ ነበር። ጓሮ ገብቶ እልፍነሽ የረጨችውን ጎመን በጓንት እየነቀለ ጥልቅ ጉድጓድ ቆፍሮ ቀበረው። ጤነኛ ጎመን ነበር፤ ቅጠሉ ሰፊና ወፍራም። አንድም አላስቀረም። ዕቃ ቤቱን ከፍቶ የሸጎጠውንም ሁሉ አወጣና ቤት ይዞ ገባ፤ እልፍነሽ አልጋ አጠገብ ያለው ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠው።

እልፍነሽ ፓኮዎቹን አየች። «ምን ላድርገው?»

«ጣይው ብዬ።»

«አንተው ጣለው። እኔ የማላውቀውን ጥዬ ምን ሊጠቅመኝ ነው?» ትንሽ ቆይታ ደግሞ እንዲህ አለችው፤ ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። «ማጨስህ አይደለም እኮ ያቃጠለኝ። ስታጨስ ነው ያገባሁህ። ልጄ እውነቱን ስትነግረኝ አሳፍሬ መለስኳት። አንተ ጓሮ ነበርክ። ሰምተሃል አይደል?»

«ሰምቻለሁ።»

«ሰምተህ ዝም አልክ።»

መርዳሳ ይቅርታ አድርጊልኝ አላት፤ እሷ «እግዚአብሔር ይቅር ይበልህ» አለችው። ያ ደግሞ ሌላ መልስ መሆኑ ገብቶታል። ፓኮዎቹን ወስዶ በውሃ አርሶ ጣላቸው።

ሳምንታት አለፉ። እልፍነሽ ቤተ ክርስቲያን መሄድ አላቆመችም፤ የድሮ ቦታዋን ትታ ግን በሩ አጠገብ መቀመጥ ጀመረች። እሷ ምንም ሳታጠፋ ያፈረችው በእሱ ምክንያት መሆኑ ከሁሉም በላይ ያንገበግበው ነበር። ጠሃ ሱቅ ላለማለፍ በላይኛው መንገድ ይዞራል። ሲጋራውን ተወው ማለት ይቻላል፤ ሁለት ጊዜ ወድቋል። ሁለቱንም ጊዜ ቤት እንደገባ ጫማውን ሳያወልቅ «ዛሬ አጭሻለሁ» ብሎ ነግሯታል። የመጀመሪያው ጊዜ ምንም አላለችም። ሁለተኛው ጊዜ «እሺ» አለችው። ከዚያ ለኤቢሴ እሱ ራሱ ደውሎ እንዲነግራት ስልኩን አቀበለችው፤ ነገራት። ከወዲያ በኩል የልጁ ድምፅ እየተሰማ ኤቢሴ «ስለነገርከኝ ጥሩ ነው አባ» ብላ ዘጋች።

መደቡ ላይ እንደገና ጎመን አለ። ክሽክሹም አልቀረም። መርዳሳ ጠዋት ጠዋት መነጽሩን አድርጎ ቅጠሉን አንድ በአንድ እየገለበጠ በሳሙና ውሃ ያጥበዋል። የሚያድነውን ያድናል፤ የቀረው ለክሽክሹ ይሆናል።

በቅርቡ እነ ፋና እልፍነሽን ሊጠይቁ መጥተው ነበር። አብራቸው ሰፈሩ ውስጥ አዲስ ቤት የተከራየች ሱሃይላ የምትባል ወጣት ሴት መጣች። ከጎመኑ አጠገብ ቆማ፣ የእሷም በክሽክሽ ማለቁን ተናገረችና «ትምባሆ ይገድለዋል ሲሉ ሰምቼ ነበር፤ እትዬ እልፍነሽ ሞክረውታል አሉኝ፤ ልኩ ስንት ነው?» አለች።

ፋና ጎንበስ ብላ ከቀሚሷ ላይ የሌለ ነገር አራገፈች። መርዳሳ የሳሙና ውሃ ባልዲውን አንስቶ ወደ ዕቃ ቤቱ ሊሄድ ሁለት እርምጃ ተራምዶ ነበር። እልፍነሽ አልጠራችውም፤ ፊቷንም አላዞረችም፤ ጠበቀች። መርዳሳ ባልዲውን መሬት አስቀመጠ።

«ልኩን እኔ ነኝ የማውቀው፣ ልጄ» አለ። «ተቀመጪ፣ ልንገርሽ።» ፊቱ እስከ ጆሮው ቀልቶ ከመጀመሪያው ጀምሮ ነገራት።